የሃይንዝ ማዮኔዝ ማስታወቂያ ለምን ከቴሌቪዥን ወረደ?

ክቡር ጠያቂያችን፣ «ብሪታንያ ውስጥ ሁለት ወንዶች ሲሳሳሙ ያሳየውን የሃይንዝ ማስታወቂያ ያገደው መንግሥት ነው ወይ? ልጆች ማየታቸውስ ጉዳት ነበረው?» ብለው ላቀረቡት ጥያቄ፣ በመጀመሪያ ማስታወቂያውን መንግሥት እንዳላገደው መግለጽ እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በጁን 2008 ወደ 200 የሚጠጉ ተመልካቾች ለአገሪቱ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ አካል አቤቱታ ሲያቀርቡ፣ የምግብ አምራቹ የሃይንዝ ኩባንያ ራሱ ለአንድ ሳምንት ገደማ ብቻ የታየውን ማስታወቂያ አነሣው፤ ይህን ተከትሎም ስቶንዎል የተባለው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መብት ተሟጋች ድርጅት ሸማቾች የሃይንዝን ምርት እንዳይገዙ ጥሪ አደረገ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ሽርጥ የታጠቀ የኒውዮርክ ሳንድዊች ቤት ሠራተኛ ለቤተሰቡ ምሳ ይቋጥራል፤ ልጆቹ «እማዬ» እያሉ ይጠሩታል፤ አባትየው ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል ደግሞ ለአፍታ ይስመዋል። ማዮኔዙ እናትን እንደዚህ ሠራተኛ ወዳለ የሳንድዊች ባለሙያ ይለውጣል ለማለት ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ግን፣ ማዮኔዙ ቅባት ስለሚበዛበት ማስታወቂያው ቀድሞውንም በልጆች ፕሮግራም መካከል እንዳይታይ ተከልክሎ እንደነበር ነው። አንዳንድ ወላጆች «ለልጆቻችን ለማስረዳት ተገደድን» ማለታቸውን አላቃልለውም፤ ልጅ ሳይታሰብ ሲጠይቅ መልስ ይጠፋል። ሆኖም «አንዳንድ ወንዶች የሚወዱት ወንድን ነው» የሚል አጭርና የተረጋጋ መልስ ሕፃንን ይጎዳል ብዬ አላምንም፤ ይልቁንም ሁለት አባቶች የሚያሳድጉት ልጅ፣ ቤቱን የሚመስል ትዕይንት በአቤቱታ ብዛት ሲነሣ ማየቱ የበለጠ ያሳስበኛል።