ጠይቁን፦ ሙሉ መስታወት ህንፃ፣ የሲሚንቶ ነገርና የጣሪያ ውሃ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ወንድማማቾች ተጋግዘን አዲስ አበባ ላይ ጂ+6 የንግድ ህንፃ ልንሠራ ነው። ታች ሱቅና ካፌ፣ ላይ የሚከራይ ቢሮ። መንገዱ በምዕራብ በኩል ስለሆነ የህንፃው ፊት ወደዚያው ነው። ዲዛይኑ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ታናሻችን «ጣሪያው ላይ ሶላር ከገጠምን አረንጓዴ ህንፃ ይሆናል» ይላል። እውነት ነው?
ነጋዴው፣ ከመገናኛ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዲዛይኑ ገና ወረቀት ላይ እያለ መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። ኮለኑ ከቆመ በኋላ ቢሆን ብዙ የሚስተካከል ነገር አይኖርም ነበር። ሶላሩን ለጊዜው ይተዉትና ወደ መስታወቱ እንምጣ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊታቸው ወደ ምዕራብ የሆነ የመስታወት ህንፃዎችን ቀና ብለው ይዩ። መጋረጃው ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። መጋረጃ የሌለው ካርቶን ወይ ጋዜጣ ለጥፏል። ውስጥ ደግሞ መብራት በርቷል፣ ቬንትሌተር ይዞራል። ብርሃን ይግባ ተብሎ በውድ ዶላር የመጣ መስታወት በካርቶን ተሸፍኖ ሠራተኛው በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርቶ ይውላል። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት አካባቢ ስለምትሆን በዋናነት የምትመታው ጣሪያውን ነው፤ የሰሜኑንና የደቡቡን መስኮት ትንሽ ጥላ ያድነዋል። ከሰዓት በኋላ ግን ዝቅ ብላ በምዕራብ በኩል ቀጥ ብላ ትገባለች፤ ከላይ የወጣ ጥላ አያግዳትም። መስታወቱን አልፎ የገባው ብርሃን ወለሉንና ጠረጴዛውን ያሞቃል፣ ሙቀቱ ግን በገባበት አይወጣም። ተከራዩ ያማርራል፣ ከዚያ ኤሲ ይገጠማል። እንግዲህ ይህች ከተማ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ማታ ጋቢ የምታስደርብ ከተማ ናት። ቢሮ ያለ ኤሲ በደንብ ሊሠራባት ይችላል።

ስለዚህ አርክቴክትዎን እንዲህ ይበሉት። ደረጃውን፣ ሊፍቱን፣ መፀዳጃ ቤቱን ወደ ምዕራብ ያምጣልኝ። እነሱ ሙቀቱን ይቀበሉ፣ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዙር። በምዕራብ የሚቀረው መስኮት ጠበብ ይበል፣ በጎንና ጎኑ ቁመታቸው የረዘመ የጥላ ክንፎች ይውጡለት። የሱቆቹ መስታወት ይኑር፣ ነጋዴ ዕቃውን ማሳየት አለበት፤ ግን ከፊቱ በረንዳ ይሠራለት፣ መንገደኛም ከዝናብ ይጠለልበታል። መስኮቶቹ በትክክል የሚከፈቱ ይሁኑ፣ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ። የጣሪያው ከፍታ 3 ሜትር ከሆነ የፎቁ ስፋት ከ15 ሜትር ባይበልጥ ነፋሱ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። ጎረቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ከሆነ ደግሞ መሀል ላይ ክፍት ቦታ ይተዉ። «ካሬ ሜትር ባከነ» የሚልዎት ይኖራል፣ አይስሙት።

«መስታወት ካልሆነ ህንፃው ያረጀ ይመስላል» ለሚሉ ወንድሞችዎ ልደታ ያለውን ልደታ መርካቶ የተባለውን የገበያ ህንፃ ያሳዩአቸው። የስፔኑ አርክቴክት ሃቪየር ቪላልታ ነው የነደፈው። ፊቱ የሀበሻ ልብስ ጥለት የሚመስሉ ቀዳዳዎች ያሉት ኮንክሪት ነው፤ ብርሃኑ ተመጥኖ ይገባል፣ አየሩ ይተላለፋል። በዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ ያለው ኢስትጌት የተባለው የገበያና የቢሮ ህንፃም አለ፤ በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተከፍቶ እስካሁን በማታው ቀዝቃዛ አየር እየታገዘ፣ የተለመደው የኤሲ ሥርዓት ሳያስፈልገው ይሠራል።

ወደ ሶላሩ ስመለስ፣ የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው። ስለዚህ ሶላር እዚህ የሚቀንሰው ካርቦን በከሰል ድንጋይ መብራት ከሚያመነጩ አገሮች ጋር አይወዳደርም። መብራት ሲጠፋ የጀነሬተሩን ናፍጣ የሚያስቀር ከሆነ ግን ጥሩ ነው፣ ለዚያ ይግጠሙት። የእኛ ህንፃ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ገና ሲሠራ ነው፤ በሲሚንቶው፣ በፌሮው፣ በአልሙኒየሙና በመስታወቱ። ያንን የሚወስነው ደግሞ ዲዛይኑ ነው።

ጥያቄ፦ ሳይት መሐንዲስ ነኝ፣ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሲሚንቶ መቀነስ አለብን ስል ይስቁብኛል። ፎርማናችን ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ደካማ ነው፣ ሁሉም በኦፒሲ (በተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ካልሆነ ይላል። ማን ነው ትክክል?
ከአዳማ

መልስ፦ በርታ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ልክ ነው። ከዓለም የካርቦን ልቀት 7 ወይም 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው የሚመጣው። ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ከነዳጁ ሳይሆን የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ከሚለቀው ጋዝ ነው። ፒፒሲ ውስጥ የክሊንከሩ፣ ማለትም ኖራ ድንጋዩ ተቃጥሎ የሚወጣው የሲሚንቶ ዋና ክፍል፣ በከፊል በፖዞላና ይተካል፤ ለኛ ደግሞ ለፖዞላና የሚሆነው ፑሚስ የተባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከስምጥ ሸለቆ፣ አንተ ካለህበት ብዙም ሳይርቅ ይወጣል። ይሄ ትልቅ ፀጋ ነው።

ፎርማንህም ግን ዝም ብሎ አልተናገረም። ፒፒሲ ቶሎ አይጠነክርም። በሦስተኛው ቀን አይተኸው ደካማ ነው ብትል አይፈረድብህም። ጊዜና ውሃ ከሰጠኸው ይደርሳል። ለልስን፣ ለብሎኬት ግንባታ፣ ለመሠረት ድንጋይ ያለ ሐሳብ ተጠቀምበት። ለኮለንና ለሶሌታ በላብራቶሪ በተረጋገጠ ሚክስ ዲዛይን (የኮንክሪት ቅይጥ መጠን) ይወሰን። ከተጠቀምክበት ኮንክሪቱን የያዘውን ሻተር ለመፍታት አትቸኩል፤ ውሃ ማጠጣቱን ደግሞ እስከ ሁለት ሳምንት አድርሰው። ጆንያ አልብሰህ አርጥበው፤ ጠዋት አንዴ በጎማ መርጨት የአዳማን ነፋስ አይችለውም።

ከሲሚንቶው ዓይነት በላይ ግን አንተ ሳይት ላይ ሲሚንቶ የሚባክነው በሌላ ነገር ይመስለኛል። ሚክሰሩ ጋ ቁም። ኮንክሪቱ ወፈር ሲል ሠራተኛው ዝም ብሎ ባልዲ ውሃ ይደፋል፣ ቶሎ ይፈስለታልና። ውሃው በዛ ማለት ጥንካሬው ወረደ ማለት ነው። ጥንካሬው ወረደ ተብሎ በሚቀጥለው ሙሌት ሲሚንቶ ይጨመራል። ያንን ባልዲ ብቻ ብትቆጣጠር፣ ጠጠሩንና አሸዋውን በሳጥን ብታስለካ፣ ብዙ ኩንታል ታተርፋለህ። ፎርማንህን በሰው ፊት አትከራከረው፣ ሻይ ጋብዘውና ጥንካሬው የሚፈተንበትን የኮንክሪት ኪዩብ ውጤት አሳየው። አጣናውንም ቢቻል በብረት ድጋፍ ቀይሩት። አጣናው ጥቂት ጊዜ አገልግሎ ማገዶ ይሆናል፣ ብረቱ ለብዙ ሥራ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። አዲስ አበባ ላይ ከአክስቴ ልጆች ጋር ፔንሲዮን እያሠራን ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ በቦቴ መግዛት ሊያከስረን ነው። የዝናብ ውሃ ያዋጣል?
ፀሐይ ነኝ

መልስ፦ እህቴ፣ በደንብ ያዋጣል፤ ግን አሁኑኑ ነው መወሰን ያለበት። አዲስ አበባ በዓመት 1,100 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ዝናብ ታገኛለች። ጣሪያሽ 400 ካሬ ሜትር ነው እንበል፤ የሚባክነውን አምስተኛ ቀንሰሽ 350 ሜትር ኪዩብ አካባቢ ይቀርሻል። ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ 35 ጊዜ ሲመላለስ ማለት ነው። አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ስለሆነ ሁሉንም የሚይዝ ሮቶ ልግዛ አትበይ፣ አይሆንልሽም። በክረምት ወራት መፀዳጃ ቤቱና ላውንደሪው በሱ ይሂድ፣ የቧንቧው ውሃ ለመጠጥና ለማብሰያ ይቆጠብ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ ጠርጎ ስለሚወርድ ወደ ውጭ የሚያፈስ ማስቀየሻ ይኑረው። ለሻወር ሙቅ ውሃ ደግሞ ጣሪያ ላይ የሚቀመጠውን የፀሐይ ማሞቂያ አስገጥሚ፤ ለፔንሲዮን ከዚያ የሚሻል የለም።

ለዚህ ሁሉ ሁለት የተለያየ የቧንቧ መስመር ያስፈልጋል። ልስኑ ካለቀ በኋላ ካሰብሽው ግድግዳ መፈንቀል ነው። ስለዚህ ለአክስትሽ ልጆች ዛሬውኑ ደውይና ቧንቧው ሳይለሰን ፎቶ ላኩልኝ በያቸው። ወደ መፀዳጃ ቤቶቹ የሚሄደው መስመር ለብቻው ካልታየሽ ሥራውን አስቁሚ።