የድርጅት ኮድ አስገብቶ ሆቴል መያዝ፦ ጥያቄና መልስ

በሆቴል ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ መጀመሪያ በእንግዳ መቀበያ፣ ኋላም ከድርጅቶች ጋር የሚፈረሙ የዋጋ ውሎችን ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባው ክፍል። ስለ ኮርፖሬት ቅናሽ ኮድ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እመልሳለሁ። «የእገሌን ድርጅት ኮድ ስጠን» ለሚሉት ብቻ መልስ የለኝም፤ ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይህ ኮድ ከሱቅ የቅናሽ ኩፖን በምን ይለያል?

መልስ፦ ኩፖን ለያዘው ሁሉ ነው። የድርጅት ኮድ ግን የውል ስም ነው። ድርጅቱ «ሠራተኞቼ በዓመት ይህን ያህል ሌሊት እናንተ ዘንድ ያድራሉ» ይላል፤ ሆቴሉ «እንግዲያው ክፍሉን በዚህ ዋጋ እሰጣለሁ» ይላል። ኮዱን ስታስገባ ኮምፒውተሩ ያንን ውል ፈልጎ ያወጣዋል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ድርድሩ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ወራት ይካሄድና ዋጋው ለቀጣዩ ዓመት ይጸናል።

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤታችንን ኮድ አስገባሁ፤ ዋጋው ግን ንቅንቅ አላለም። ድረ ገጹ ስህተት አለ ብሎም አልነገረኝም።

መልስ፦ በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። ብዙ የሆቴል ድረ ገጾች ኮዱን ሳያውቁት ሲቀሩ የተለመደውን ዋጋ ያሳዩና ዝም ይላሉ። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት የዋጋውን ስም ያንብቡ፤ ከክፍሉ ስም አጠገብ ወይም ሥር ይጻፋል። የድርጅትዎ ስም ወይም የድርጅት ዋጋ መሆኑን የሚገልጽ ቃል ከሌለበት ኮዱ አልሠራም ማለት ነው።

ምክንያቱን ሲፈልጉ ከቀላሉ ይጀምሩ። «ኦ» የሚባለው የላቲን ፊደልና ዜሮ ይምታታሉ። ቀጥሎ ሳጥኑን ይመልከቱ፤ ለምሳሌ በሂልተን ድረ ገጽ የማስታወቂያ ቅናሽ፣ የቡድንና የድርጅት ኮድ የሚገቡባቸው ሳጥኖች የተለያዩ ናቸው፤ ትክክለኛው ኮድ በተሳሳተ ሳጥን ከገባ እንዳልገባ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ሆቴሉ ራሱ በውሉ ውስጥ መኖሩን ይጠይቁ። የአንድ ብራንድ ስም የያዙ ሆቴሎች ብዙውን ጊዜ ባለቤታቸው የተለያየ ነው፤ ድርጅትዎ ከአንዱ ጋር ተዋውሎ ከጎረቤቱ ጋር ላይዋዋል ይችላል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልሠራ ጥፋቱ የእኛ፣ የሆቴል ሰዎች፣ ሊሆን ይችላል። የፈረንጆች አዲስ ዓመት ሲገባ ውሎች በጅምላ ወደ ኮምፒውተር ይገባሉ፤ ስህተትም አብሮ ይገባል። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ አዲስ ውል ሳስገባ ባለ ሁለት አልጋውን የክፍል ዓይነት ዘለልኩት። ባለ አንድ አልጋ የፈለገ ቅናሹን ያገኛል፤ ባለ ሁለት አልጋ የፈለገ ሙሉ ዋጋ ይታየዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም አልነገረኝም። በመጨረሻ የድርጅቱ ጸሐፊ ደውላ «ሁለቱ ሰዎቻችን ለየብቻ ክፍል ቢይዙ ይረክሳል፣ አንድ ክፍል ቢጋሩ ይወደዳል፤ ይህ የምን ሒሳብ ነው?» አለችኝ። በአምስት ደቂቃ አስተካከልኩት። እርስዎም እንደ እርሷ ይደውሉ፤ ግን እንግዳ መቀበያውን ሳይሆን የሽያጭ ክፍሉን ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ የእኛ ኮድ ሠርቷል፤ ነገር ግን ያለ ኮድ ከሚታየው ዋጋ በልጧል! ቅናሽ እንዴት ይወደዳል?

መልስ፦ ውልዎ ቋሚ ዋጋ ያለው ሳይሆን አይቀርም። ውል ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ዋጋው ዓመቱን ሙሉ አንድ ቁጥር ነው፤ በሁለተኛው ከዕለቱ ዋጋ ላይ በመቶኛ ይቀነሳል። በቋሚው ውል 120 የተባለ ክፍል ገበያው በቀዘቀዘበት ሳምንት ለማንም መንገደኛ በ95 ሊሸጥ ይችላል። ትልቅ ጉባኤ ከተማውን በሞላበት ሳምንት ደግሞ ያው ክፍል 260 ሲገባ እርስዎ በ120 ያድራሉ። ቋሚ ዋጋ የሚፈረመው ለዚህ ለሁለተኛው ሳምንት ነው።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ሐረግ አለ፤ የድርጅታችሁን ውል የሚፈርመው ሰው ካላየው ድርድሩ ግማሽ ነው። በውሉ የተጠቀሰው የክፍል ዓይነት አንድ እንኳ እስካለ ድረስ ሆቴሉ በውሉ ዋጋ ለመስጠት ይገደዳል ወይስ አይገደድም? የማይገደድ ከሆነ ከተማው ሲጨናነቅ የድርጅቶችን ዋጋ ይዘጋል፤ ኮዱ የሚጠፋውም በጣም በሚፈለግበት ቀን ይሆናል። የሚያስገድደው ውል በጥቂቱ ይወደዳል፤ ሠራተኞቹ በድንገት ለሚጓዙ ድርጅት ግን ያዋጣል ባይ ነኝ።

ደግሞ 95 እና 120ን ብቻ አያወዳድሩ። ርካሹ ዋጋ አስቀድሞ የሚከፈልና የማይመለስ ሊሆን ይችላል፤ በድርጅቱ ዋጋ ውስጥ ቁርስ፣ ኢንተርኔትና እስከ መድረሻው ቀን ድረስ ያለ ቅጣት መሰረዝ ሊኖርበት ይችላል። ስብሰባ የሚሰረዝበት ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ የትልልቅ ድርጅቶች ኮድ ዝርዝር አግኝቻለሁ። እውነት መታወቂያ ይጠይቃሉ?

መልስ፦ አንዳንዱ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ አይጠይቅም፤ ያው እንግዳ ተቀባይ እንኳ ዛሬ ዝም ብሎ ነገ ሊጠይቅ ይችላል። ሲጠይቅ የሠራተኛ መታወቂያ፣ የሥራ ካርድ ወይም ከድርጅቱ የተጻፈ ደብዳቤ ይፈልጋል። ካላቀረቡ ዋጋውን ወደ ዕለቱ ዋጋ መቀየር ይችላል።

አንድ ሌሊት አንድ ሰው ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ መጣ። ትንሹ ልጅ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ጥሎታል። ክፍሉ የተያዘው በአንድ ትልቅ ድርጅት ኮድ ነው። መታወቂያ ጠየቅኩት፤ ቦርሳውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። «ረስቼዋለሁ» አለ። እንዳልረሳው ሁለታችንም አውቀናል። ሆቴሉ ሊሞላ ተቃርቦ ስለነበር የዕለቱ ዋጋ ከያዘበት እጥፍ ገደማ ነበር። ሌላ ሆቴል ልፈልግ እንዳይል ሌሊቱ ገፍቷል፣ ልጆቹም ተኝተዋል። ከፈለ። ቅናሹን ስለከለከልኩት አልጸጸትም፤ ሚስቱ አንድም ቃል ሳትናገር ያየችውን አስተያየት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

መታወቂያ ባይጠየቅ እንኳ ነገሩ በዚያ አያበቃም። በኮዱ ስንት ሌሊት እንደታደረ ሆቴሉ ይመዘግባል፣ ለድርጅቱም ሪፖርት ያደርጋል፤ የሚቀጥለው ዓመት ድርድር የሚቆመው በዚሁ ቁጥር ላይ ነው። የማያውቋቸው ሰዎች ስም ሲበዛ «ኮዱን ማን አወጣው?» መባሉ አይቀርም። ለወዳጁ ኮድ የሰጠ ሠራተኛ መልስ የሚያጣው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ እውነተኛ ሠራተኛ ነኝ። ለግል ዕረፍቴ ብጠቀምበትስ?

መልስ፦ ውሉ ይወስነዋል። አንዳንዱ ድርጅት ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ለግል ጉዞ የተለየ ኮድ አለው፣ አንዳንዱ ይከለክላል። የጉዞ ጉዳይ ኃላፊውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ አምስት ሰዎች ያለን ትንሽ ቢሮ ነን። ማን ከእኛ ጋር ይደራደራል?

መልስ፦ ሁለት መንገድ አለ። ትልልቆቹ የሆቴል ኩባንያዎች ለትንንሽ ድርጅቶች የከፈቱት ፕሮግራም አላቸው፤ ሂልተን በፈረንጆች 2024 «ሂልተን ፎር ቢዝነስ»ን ጀምሯል፣ አይኤችጂም «ቢዝነስ ኤጅ» የሚባል አለው። ድርጅቱን ያስመዘግባሉ፣ ቅናሹ ይከፈትላችኋል።

እኔ የምወደው ግን ሁለተኛውን ነው። ሠራተኞቻችሁ ደጋግመው የሚያድሩበት አንድ ሆቴል ካለ ያለፈውን ዓመት ደረሰኞች ሰብስቡና ሌሊቶቹን ቁጠሩ። ከዚያ የሽያጭ ኃላፊውን አግኙና «አምና 40 ሌሊት አድረናል፤ ዘንድሮም እንመጣለን» በሉት። እኔ ከዚያ ወንበር ወዲያ ማዶ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ቁጥር ይዞ የመጣ ትንሽ ድርጅት «ወደፊት ብዙ እንግዳ እናመጣለን» ከሚል ትልቅ ድርጅት ይበልጥ ይደመጣል።

ጥያቄ፦ በድርጅት ዋጋ ካደርኩ ሆቴሉ ለተመዘገቡ ደንበኞቹ የሚሰጠውን የአባልነት ነጥብ አገኛለሁ?

መልስ፦ በሆቴሉ በራሱ ድረ ገጽ ወይም በስልክ ከያዙ አብዛኛውን ጊዜ አዎን። እንደ ቡኪንግና ኤክስፒዲያ ባሉ ሻጮች በኩል ከሆነ ግን አብዛኞቹ የሆቴል ኩባንያዎች ነጥብ አይሰጡም፤ ኮዱንም የሚያስገቡበት ቦታ አያገኙም።

ጥያቄ፦ የጉዞ ወኪላችን የሰጠሁትን ኮድ «አይሠራም» ይለኛል፤ እኔ ድረ ገጹ ላይ ስሞክረው ይሠራል።

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት ብላችኋል። ወኪሎች የሚሠሩት እንደ አማዴየስ፣ ሴበርና ትራቭልፖርት ባሉ የሽያጭ መረቦች ነው፤ እዚያ የድርጅትዎ ዋጋ የሚጠራበት ኮድ ከድረ ገጹ የተለየ ሊሆን ይችላል። ለወኪሉ የሚሆነውን ኮድ ሆቴሉን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የእኛ ዋጋ ቁርስን ይጨምራል፤ ስወጣ ግን ቁርስ አስከፈሉኝ።

መልስ፦ የተያዘበትን ማረጋገጫ ያሳዩ። ቁርስ ይጨምራል የሚል ካለበት እዚያው ይሰርዙልዎታል። ከሌለበት ውሉ በትክክል አልገባም፤ ክርክሩን ለድርጅትዎ ይተዉት። ሲመሽ ሲገቡ አንድ ጊዜ «ቁርስ አለበት አይደል?» ብሎ መጠየቅ ጠዋት ሲወጡ ከመሟገት ይቀላል።

ጥያቄ፦ በቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ኮድ ለሚቀጥለው ወር ክፍል ይዤ ነበር፤ አሁን ሥራ ለቅቄአለሁ። ማረጋገጫው በእጄ ነው።

መልስ፦ ማረጋገጫው ክፍሉ መያዙን ያረጋግጣል እንጂ የድርጅቱ ሠራተኛ መሆንዎን አያረጋግጥም። መጀመሪያ በሆቴሉ የአባልነት ዋጋ አዲስ ክፍል ይያዙ፤ መመዝገብ በነጻ ነው። ከዚያ የአሮጌውን የመሰረዣ ቀን ይመልከቱና ሳያልፍ ይሰርዙት።