ጉቦ አልተቀበልኩም ማለት ብቻ አይበቃም፦ የመንግሥት ሥራ ሥነ ምግባር ጥያቄና መልስ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሚያጋጥሙ የሥነ ምግባር ጉዳዮች ከላካችኋቸው ጥያቄዎች መካከል የሚቀራረቡትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ በሥራ ዘመኔ ከማንም ጉቦ ተቀብዬ አላውቅም። ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅብኛል?

መልስ፦ ገና ብዙ ይጠበቅብዎታል። ባለጉዳይን ክፉኛ የሚጎዱት በደሎች ብዙ ጊዜ አምስት ሳንቲም ያልተላለፈባቸው ናቸው። ባለጉዳዩ ማመልከቻውን ያስገባል፤ «ነገ ተመለስ» ይባላል። ነገ ሲመጣ አንድ ሰነድ ጎድሏል ይሉታል። ያንን አሟልቶ ሲመለስ ሌላ ይጠይቁታል። የጎደለው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ወረቀት ተጽፎ ቢሰጠው ኖሮ ይህ ሁሉ ምልልስ ባልኖረ ነበር። በዚህ መካከል ደግሞ የኃላፊው ትውውቅ ያለው ሰው በጓሮ በር ገብቶ ጉዳዩን ጨርሶ ይወጣል። ያኔ ባለጉዳዩ አማላጅ መፈለግ ይጀምራል፤ አማላጅ ያጣ ደግሞ ገንዘብ ያዘጋጃል። ጉቦውን የሚቀበለው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ መንገዱን የጠረገለት ግን ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ያቆየው ሠራተኛ ነው።

ጥያቄ፦ የጨረታ ገምጋሚ ኮሚቴ አባል ነኝ። ከተጫራቾቹ የአንዱ ባለቤት አማቼ ነው። ሳላዳላ እንደምገመግም እርግጠኛ ነኝ። የግድ መውጣት አለብኝ?

መልስ፦ አዎ፣ ይውጡ። እንደማያዳሉ አምንዎታለሁ፤ የተሸነፈው ተጫራች ግን ልብዎን ከፍቶ ማየት አይችልም። እሱ የሚያየው የነጥብ መስጫውን ወረቀትና ከታች ያለውን ፊርማዎን ብቻ ነው።

አወጣጡም ሥርዓት አለው። ሰነዶቹ ከመከፈታቸው በፊት ዝምድናውን ለሰብሳቢው በጽሑፍ ያሳውቁና ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር ያድርጉ። ከዚያ ከክፍሉ ይውጡ። «ዝም ብዬ ልቀመጥ» የሚባለው አይሠራም፤ እርስዎ ፊት ለፊት ተቀምጠው የአማችዎን ዋጋ በነጻነት የሚተች ባልደረባ አይገኝም። ውጤቱ በይፋ እስኪገለጽ ድረስ ማንንም አይጠይቁ። ዝምድናውን ያወቁት ግምገማው ከተጀመረ በኋላ ከሆነም በዚያው ሰዓት ይናገሩ፤ የሰጡት ነጥብ ይሰረዝ። ይህ ለአማችዎም ይበጃል። በንጹሕ ውድድር ያሸነፈ ሰው ዝምድናው በኋላ ሲጋለጥ ውሉ ሊፈርስበት፣ በላቡ የሠራውም ሥራ በጥርጣሬ ዓይን ሊታይበት ይችላል።

ጥያቄ፦ ሥራው ካለቀ በኋላ ለምስጋና የሚሰጥ ስጦታም ያስጠይቃል?

መልስ፦ የዛሬው ምስጋና የነገ ውለታ ነው፤ ያው ሰው በሌላ ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል። አንዳንድ አገሮች ጣሪያ አበጅተዋል። ለምሳሌ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከአንድ ሰጪ በአንድ ጊዜ ከ20 ዶላር፣ በዓመት ከ50 ዶላር ያልበለጠ ስጦታ መቀበል ይፈቀድለታል፤ ጥሬ ገንዘብ ግን በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገባም። በመሥሪያ ቤትዎ ደንብ ከሌለ ግን እኔ አለመቀበልን እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ሕገ ወጥ ነገር እንድፈጽም በቃል ያዙኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ትእዛዙን ወደ ወረቀት ያምጡት። «ዛሬ በቃል የሰጡኝን ትእዛዝ እንደሚከተለው ተረድቼዋለሁ፤ ከዚህ አንቀጽ ጋር ስለሚጋጭ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ» ብለው በአክብሮት ይጻፉ፤ ቀን ያስገቡበት፤ ቅጂውን ያስቀምጡ። በቃል የሚያዝ ሰው ብዙውን ጊዜ መፈረም አይፈልግምና ነገሩ እዚያው ሊቆም ይችላል። ካልቆመ ወደ ውስጥ ኦዲት ወይም ወደ ሥነ ምግባር ክፍሉ ይሂዱ።

ዋጋ አያስከፍልም ብዬ አላታልልዎትም። ዝውውር ሊመጣ ይችላል፤ እድገት ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት በአንቀጽ 33 ስለ ጠቋሚዎች ጥበቃ ያነሳል፤ ነገር ግን አገሮች ጥበቃውን በሕጋቸው ለማካተት እንዲያስቡበት ይላል እንጂ በቀጥታ አያስገድድም። ይህ ልል አነጋገር በጣም ያሳዝነኛል፤ እውነት የተናገረውን ሠራተኛ ብቻውን ሊያስቀረው ይችላልና። ስለዚህ ጥቆማ ከመስጠትዎ በፊት የአገርዎ ሕግ ምን ያህል እንደሚከልልዎት ያጣሩ፤ ማስረጃዎም በሥራዎ ምክንያት በሕጋዊ መንገድ እጅዎ የገባ ይሁን።

ጥያቄ፦ ደመወዝ ቢጨመርና ሥልጠና ቢሰጥ ችግሩ አይቀረፍም?

መልስ፦ ደመወዝ የቸገረውን ሠራተኛ ይረዳል፤ የስግብግቡን እጅ ግን አይዝም። ሥልጠናም ብቻውን ሲሆን መርሆዎችን በቃል ከማስጠናት አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የሆንግ ኮንግ ፀረ ሙስና ኮሚሽን ሦስት ነገሮችን አጣምሮ ይሠራል፤ ወንጀሉን ይመረምራል፣ ለሙስና የሚያጋልጡ አሠራሮችን ያስተካክላል፣ ሕዝቡን ያስተምራል። ለእኔ ትልቁ ትምህርት መሀለኛው ነው። አንድ ሠራተኛ ብቻውን የሚወስንበት፣ ምክንያቱንም የማይጽፍበት ጠረጴዛ ካለ ዛሬ ያለውን ሰው ብታነሱት ነገ የሚተካውም ያው ፈተና ይጠብቀዋል።

ጥያቄ፦ ዘመዶቼ «ምን ይፈለጋል?» ብለው ይደውሉልኛል። መንገር ጥፋት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የትኛው ቅጽ እንደሚሞላ፣ የትኛው መስኮት እንደሚኬድ ይንገሯቸው፤ የማያውቁት ሰው ሲጠይቅዎትም ልክ እንደዚያው ይንገሩት። ማመልከቻቸው እርስዎ ጋር ከደረሰ ግን ለኃላፊዎ አሳውቀው ሌላ ሠራተኛ እንዲያየው ያድርጉ።