መልስ፦ ቪድያሳጋር የቤንጋሊን ፊደል ገበታ በእርግጥ ቀይሯል? ለምንስ ሥራውን ለቀቀ?

አዎ፣ ቀይሯል። ቪድያሳጋር በሚለው ማዕረጉ የሚታወቀው የሕንድ ቤንጋል ምሁር ኢሽዋር ቻንድራ (1820–1891 እ.ኤ.አ.) በ1855 ባሳተመው ባለ ሁለት ክፍል የፊደል መማሪያ፣ ሳንስክሪት እንጂ ቤንጋሊ የማይጠቀምባቸውን ሁለት ረጃጅም አናባቢዎች አወጣ። የአፍንጫና የትንፋሽ ምልክቶቹን ከአናባቢ ወደ ተነባቢ አዛወረ። «ክሻ»ንም የሁለት ፊደላት ጥምር ናት ብሎ ከገበታው ሰረዛት። የቀሩት 12 አናባቢና 40 ተነባቢ ናቸው። ትልቁ ብልሃት ግን ቅደም ተከተሉ ይመስለኛል፦ ክፍል አንድ ላይ ጥምር ፊደል የለም፤ ሁሉም ወደ ክፍል ሁለት ተገፍቷል። ጀማሪ ሕፃን የሚደናቀፈው እዚያ ላይ ነውና።

ሥራውን ስለ መልቀቁ፣ «በመበለቶች ጋብቻ ምክንያት ነው» ያልከው አይመስለኝም። እሱ የታገለለት፣ መበለቶች እንደገና እንዲያገቡ የፈቀደው ሕግ በ1856 ጸድቆ ነበር። እሱ ግን ይመራው የነበረውን የካልካታ ሳንስክሪት ኮሌጅን የለቀቀው በ1858 ነው። ዋናው ጉዳይ ገንዘብ ነው፦ መንግሥት ይደግፈኛል ብሎ በጥቂት ወራት 35 የሴቶች ትምህርት ቤቶች ከፈተ፤ ባለሥልጣናቱ ወጪውን ሲከለክሉት የመምህራኑ ደመወዝ እሱ ላይ ወደቀ። ከትምህርት ዳይሬክተሩ ጋርም አይግባቡም ነበር። «ቪድያሳጋር» የቤተሰብ ስም ሳይሆን «የእውቀት ባሕር» የሚል የትምህርት ማዕረግ ነው፤ ብዙዎች ይሳሳቱበታል።