«እሴቱ የእኛ አይደለም» ሲሉ

ጥያቄ፦ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ዘጠኝ ጠቅላላ ሐኪሞች አሉኝ። «ታካሚ ይቀድማል» የሚለው እሴታችን በየኮሪደሩ ተለጥፏል፤ እነሱ ግን «የሆስፒታሉ ነው እንጂ የእኛ አይደለም» ይላሉ። ሥልጠና ላዘጋጅላቸው?

መልስ፦ ሥልጠናው ይቆይ። ሐኪም የሆስፒታሉን እሴት የሚለካው በቅርብ አለቃው አድራጎት ነው። የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ (የሆስፒታሎች ተቋም) 2,813 ሐኪሞቹ የመለሱለትን መጠይቅ ተንትኖ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ጥናት፣ ከ60 በተሰጠ የአለቃ አመራር ውጤት ላይ አንድ ነጥብ በጨመረ ቁጥር ሐኪሙ በሥራው የመዛል ዕድሉ በ3.3 በመቶ ቀንሶ፣ የመርካት ዕድሉ በ9 በመቶ ጨምሮ አግኝቷል። የተጠየቁትም ቀላል ነገሮች ናቸው፦ አለቃህ ሐሳብህን ይሻል? ያከብርሃል? ለውጥ ሲኖር ይነግርሃል?

ከሞርኒንግ (ሌሊቱ ከሚገመገምበት የጠዋት የሐኪሞች ስብሰባ) ይጀምሩ። ተረኛው ሌሊት ኦክስጅን አልቆበት ታካሚ ወደ ደብረ ማርቆስ ልኮ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሪፈር ለምን አበዛህ?» ሲሆን ቀጣዩ ተረኛ መላክ ያለበትን ታካሚ ይዞ ያድራል። ያኔ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ውሸት ይሆንባቸዋል። «ምን ጎደለህ?» ብለው ይጠይቁ፤ የጎደለውን፣ የሚከታተለውን ሰውና ቀኑን መዝገብ ላይ ያስፍሩ። በ7 ቀን ውስጥ መልስ ይስጡ፣ መልሱ «አልተገኘም» ቢሆንም እንኳ። ሁለት ሦስት ጊዜ መልስ ያጣ ሐኪም ዝም ይላል፤ ዝምታውን መስማማት አድርገው እንዳይወስዱት። ጥፋት ካለም ለብቻው ጠርተው፣ በዚያው ቀን ይንገሩት።

የዱቲ (የተረኝነት) ፕሮግራሙ ወሩ ከመግባቱ 10 ቀን ቀድሞ ይለጠፍ። ገናን፣ ጥምቀትንና ፋሲካን ማን እንዳደረ በስም ይቆጠር፤ አንዱን በዓል እርስዎ ራስዎ ይደሩ። ለሥልጠና ሰው ሲመረጥ መስፈርቱ ከስሙ በፊት ይውጣ።

በሳምንት ሁለት ሐኪም፣ እያንዳንዱን ለ20 ደቂቃ፣ በር ዘግተው ያነጋግሩ፤ ዘጠኙ በአምስት ሳምንት ያልቃሉ። «ባለፈው ወር ልክ አይደለም እያልክ የሠራኸው ነበር?» ብለው ይጠይቁና መከራከሩን ትተው ያዳምጡ። ከአፈጻጸም ምዘና ጋር አያገናኙት፤ ከተገናኘ እውነቱን አያገኙም።

የዘገየ የዱቲ ክፍያን መልካም አለቃ አይተካውም። የክፍያው ሰነድ መቼ እንደተላከ፣ ዛሬ ማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ግን ሳይጠይቁዎት ይንገሯቸው።