ጀርመን ሼፐርድ ወይስ የአገሬው ውሻ? በግ ለማርባት ላሰበው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ደብረ ማርቆስ ዙሪያ በግ ማርባት ልጀምር ነው፣ ጀርመን ሼፐርድ ልግዛ ወይስ ቤልጅየም፣ ለመሆኑ እነዚህ እረኛ የተባሉ ውሾች ከየት መጡ፣ ስማቸውንስ ማን አወጣው ብለሃል። እኔ ጮቄ ሥር በግ ስጠብቅ ነው ያደግሁት፤ ቤተሰቦቼ ዛሬም ያረባሉ።

በአውሮፓ ውሻው ከስሙ በብዙ ይቀድማል። ገበሬው በግ መንዳት የሚያውቀውን ውሻ ከሚያውቀው ጋር ሲያዳቅል ኖረ፣ ለመልኩ ግድ አልነበረውም። ስምና መዝገብ የመጣው ኋላ ነው። ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የሚባል የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን በ1899 (እ.ኤ.አ.) ካርልስሩኸ ከተማ በተደረገ የውሻ ትርኢት ላይ ሄክቶር የሚባል ውሻ አይቶ ወደደውና ገዛው። ስሙን ሆራንድ ብሎ ለወጠ፣ በዘር መዝገቡም ላይ በቁጥር 1 አሰፈረው። የዛሬው ጀርመን ሼፐርድ ዘሩ ሲቆጠር እዚያ ውሻ ላይ ይደርሳል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች «ጀርመን» የሚለውን መስማት ስላልፈለጉ በአልሳስ ግዛት ስም «አልሴሺያን» አሉት፤ የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ (የውሻ ዝርያ የሚመዘግበው ማኅበር) የቀድሞ ስሙን የመለሰለት በ1977 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ቤልጅየሞች በ1891 (እ.ኤ.አ.) በፕሮፌሰር አዶልፍ ሩል መሪነት የአገራቸውን የእረኛ ውሾች ብራስልስ አጠገብ ሰብስበው አዩ፣ በጸጉራቸውም ለዩአቸው። ከነሱ አንዱ፣ «ማሊኗ» የሚባለው ውሻ፣ ስሙን ያገኘው ከማሊን ከተማ ነው። አውስትራሊያን ሼፐርድ ግን እንደ ስሙ አይደለም፤ ዝርያው የወጣው ከምዕራብ አሜሪካ አርቢዎች እጅ ነው።

ላንተ ዋናው ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የመንዳት ውሾች መሆናቸው ነው። እረኛው ሲያዛቸው በግ ይሰበስባሉ፣ ይመልሳሉ። በኛ አገር ይህን የሚሠራው ጅራፍ የያዘው ልጅ ነው። የኛ ውሻ ሥራ ጅብና ቀበሮ መመከት ነው። በዚህ ሥራ የታወቁት የቱርኩ ካንጋልና የጣሊያኑ ማሬማ ናቸው፤ እነሱ በግ አይነዱም፣ ከቡችላነታቸው ጀምረው ከበጉ ጋር ያድጋሉ እንጂ።

እኛ ቤት ያለው ውሻ ሌሊት ከጉሮኖው ትንሽ ወጣ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። ጅብ ሲሸተው ወዲያው አይጮህም። መጀመሪያ ጸጉሩን አቁሞ ያጉረመርማል፣ በጎቹም ያንን ድምፅ ለይተው ያውቁታልና ወደ ግድግዳው ይጠጋሉ። ይህን ማንም አላስተማረው፤ እናቱ ስታደርግ አይቶ ነው ያደገ። የመንዳት ውሻ ግን በደንብ ካልሠለጠነ ግልገል ሲሮጥ ባየ ቁጥር ይከተላል፤ መንከስም ሊጀምር ይችላል።

ስለዚህ ብርህን ለስም አትክፈል። በግ ካለው ገበሬ ቤት፣ እናቲቱ ጉሮኖ ስትጠብቅ ዓይተህ፣ ቡችላ ውሰድ። ጡት እንደተወ ከበጎቹ አጠገብ አሳድረው፤ ልጆች ከበጎቹ ነጥለው እንዳያላምዱት። ሦስት ወር ሲሞላው ደግሞ ወረዳው የእንስሳት ጤና ጣቢያ ወስደህ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትበው።