አሮጌውን ሰርቨር ከክላስተሩ ማውጣት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ባሕር ዳር፣ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው። ሦስት ሰርቨሮች በፕሮክስሞክስ ክላስተር፣ ማለትም እንደ አንድ ቡድን፣ አያይዘናል። ፕሮክስሞክስ ቨርቹዋል ማሽኖችን (በሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን) የሚያሠራ ሲስተም ነው። አንዱ ስላረጀ ልናወጣው ነው። የካርድ ክፍሉ ሲስተም ሳይቋረጥ እንዴት ላውጣው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔን ያሳሰበኝ የሚቀሩት የሁለቱ ነገር ነው። ክላስተር የሚሠራው በድምፅ ብልጫ ነው፤ እያንዳንዱ ሰርቨር አንድ ድምፅ አለው። ከሦስቱ ሁለቱ ካሉ ይበቃል። ሁለት ብቻ ሲቀሩ ግን ሁለቱም መኖር አለባቸው። አንዱ ከጠፋ፣ በሌላው ላይ እየሠራ ያለ ቨርቹዋል ማሽን ይቀጥላል፤ አንዴ ከቆመ ግን አይነሳም። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዱ ሰርቨር ብቻ ቢነሳ፣ ታካሚ ተሰልፎ ካርድ ክፍሉ ሥራ ይፈታል።

ስለዚህ አንድ ተራ ፒሲ ፈልግ። ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ ጫንበትና ኪውዲቫይስ (ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ረዳት ማሽን) አድርገው፤ ሦስተኛውን ድምፅ እሱ ይሰጣል። የምታስገባው ግን አሮጌው ኖድ (የክላስተሩ አባል ሰርቨር) ከወጣ በኋላ ነው።

ወደ ሥራው ስትገባ መጀመሪያ ባክአፕ ውሰድ፤ የሚወጣው ሰርቨር ዲስክ ላይ ግን አታስቀምጠው። ቀጥሎ በሚወጣው ሰርቨር ላይ ያሉትን ቨርቹዋል ማሽኖች ወደሚቀሩት ማይግሬት አድርግ፣ ማለትም አዛውር። ሬፕሊኬሽን (የማሽኑን ዳታ በየጊዜው ወደ ሌላ ሰርቨር መገልበጥ) ካለህ እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። ማሽኑን ቅጂው ወዳለበት ሰርቨር ስታዛውር የሬፕሊኬሽኑ አቅጣጫ በራሱ ይገለበጣል፤ ዳታውን ወደሚወጣው ሰርቨር መላክ ይጀምራል። ማይግሬሽኑ ሲያልቅ ዝርዝሩን ከፍተህ ወደዚያ የሚሄደውን ሁሉ አጥፋ። ኖዱ ከወጣ በኋላ ልሰርዘው ብትል እምቢ ይልሃል።

አሁን ሰርቨሩን ሸትዳውን አድርግ፤ የኔትወርክ ኬብሉንም ንቀል። ከቀሩት በአንዱ ገብተህ «ፒቪኢሲኤም ዴልኖድ» (pvecm delnode) ብለህ የኖዱን ስም ጻፍ፤ ኖዱን ከክላስተሩ የሚያወጣው ትእዛዝ ይህ ነው። ኖዱን መግደል አልተቻለም የሚል መልእክት ቢመጣ አትደንግጥ። ማሽኑ ቀድሞ ስለጠፋ ነው። «ፒቪኢሲኤም ስታተስ» (pvecm status) ብለህ ሁለት ድምፅ መቅረቱን እይ፤ ከዚያ ኪውዲቫይሱን አስገባ።

አደራ የምልህ አንድ ነገር አለ። ያ ሰርቨር እንዳለ ተመልሶ እዚያው ኔትወርክ ላይ እንዳይበራ። የድሮውን የክላስተር ኮንፊገሬሽን እንደያዘ ነው፤ ያለውን ሊያበላሽብህ ይችላል። ለሌላ ሥራ ከፈለግኸው ፕሮክስሞክስን እንደ አዲስ ጫን። መጋዘን የሚገባ ከሆነ «አይሰካ» ብለህ ለጥፍበት፤ አንተ ፈቃድ በወጣህበት ቀን ሌላ ሰው ያበራው ይሆናል። ሊሸጥ ከሆነ ደግሞ ዲስኮቹን አውጥተህ አስቀር፤ የሰው የሕክምና መረጃ አለባቸው።